«ለምዳዋለች» የተባለ ሳል

አርባ ዓመት ያስተማረ ሰው ጡረታ ሲወጣ ሁለት ነገር ይዞ ይወጣል፤ የወገብ ሕመምና ሰውን የማረም አመል። ወገቤን ያየው ሐኪም «ጥፋቱ የፍራሽዎ ነው፤ ጥጡ ቋጥሯል» ስላለኝ ፍራሼን በጋሪ አስጭኜ ከሰፈራችን በታች ወዳሉት ፍራሽ ሠሪ ወረድኩ። አመሌን ግን ያከመው የለም፤ ይኼን ታሪክ የምጽፈውም እሱ አላስቀምጥ ብሎኝ ነው። ከታረሙት ሰዎች አንዱ እኔ ራሴ መሆኔን አስቀድሜ ብናገር ይሻላል።

ፍራሽ ሠሪውን ሰፈርተኛው ጋሽ ደጋን ይላቸዋል፤ ጥጥ የሚነድፉበት ትልቅ ደጋን ከእጃቸው ጠፍቶ ስለማያውቅ ነው። ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው። በጓዳው ጥጥ ይነደፋል፤ በፊተኛው ክፍል የስፌት መኪናቸው፣ የጨርቅ ጥቅሎችና ተሰፍተው ባለቤቶቻቸውን የሚጠብቁ ፍራሾች አሉ። በሁለቱ መካከል በር ነበረ፤ መዝጊያው ግን ተነቅሎ የጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። ብናኙም እንደ ልቡ ይገባል ይወጣል። በመስኮቱ ወንፊት፣ በአምፖሉ ገመድ፣ በሰውዬው ቅንድብ ላይ ሳይቀር ነጭ ሆኖ ሰፍሯል።

በተደራረቡት ፍራሾች አናት ላይ አንዲት ግራጫ ድመት ተጋድማለች። ስሟ አለቃ ነው።

«እሷ ያልተኛችበት ፍራሽ ከዚህ ቤት አይወጣም መምህር» አሉኝ ጋሽ ደጋን፣ ፍራሼን በእጃቸው እየዳበሱ። «ከጎረበጣት ወርዳ ትሄዳለች፤ እኔም ፈትቼ እንደገና እሰፋዋለሁ።»

«ሴት ሆና እንዴት አለቃ አላችኋት?»

«በዚህ ቤት ወንድ አለቃ ሆኖ ያውቃል? ባለቤቴን ይጠይቋት።»

ባለቤታቸው ግን አልነበሩም። ሴት ልጃቸው ስለወለደች ሊያርሷት ሌላ ከተማ ከሄዱ ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል። ድመቲቱን ከዓይኗ መገለጥ ጀምረው በጠብታ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ሲሄዱም አደራ ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ቤቱ ቢዝረከረክ ግድ የለኝም፤ አለቃን ግን እንዳለች ላግኛት።» ጋሽ ደጋን ይኼን እየሳቁ ነበር የነገሩኝ።

በዚህ መካከል አንዲት ወጣት ሴት በሩን አንኳኩታ ገባች። ነጭ ጋውኗን አጣጥፋ ክንዷ ላይ ጣል አድርጋለች።

«እንደምን ዋላችሁ? ትንንሽ ፍራሾች ላሠራ ነበር አባባ። አሥራ ሁለት ናቸው፤ ለበሽተኞቻችን።»

«ሐኪም ነሽ ማለት ነው፤ ጎሽ። ቁመታቸው ምን ያህል ይሁን?»

«ስልሳ ሳንቲ ሜትር።»

ጋሽ ደጋን ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ቀሩ። «ስልሳ? የሕፃናት ሐኪም ነሽ?»

«የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ከታች መንገዱ ዳር ባለው ክሊኒክ ነው የምሠራው። ፍራሾቹ ለውሾችና ለድመቶች ናቸው።»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ አልደብቅም።

«ሰው አልጋ አጥቶ ኮሪደር ላይ ይተኛል፤ ድመት በልኳ ፍራሽ ታሰፋለች» አሉ። «ጉድ ነው መቼም።»

ልጅቱ አልተቀየመችም። ቀና ብላ አየችና «እቺ ከላይ ያለችውስ ስንት ፍራሽ ደርባ ነው የተኛችው አባባ?» አለቻቸው።

ጋሽ ደጋን በጣታቸው ቆጠሩ። ስድስት ነበር። በራሳቸው ሲስቁ ሳሉ ሳል ያዛቸውና ግድግዳ ተደግፈው እስኪያልፍላቸው ጠበቁ። እሳቸው ሲያበቁ ከፍራሾቹ አናት ሌላ ሳል ተሰማ። አለቃ ሆዷን ወደ ፍራሹ አስጠግታ፣ አንገቷን ወደ ፊት ዘርግታ ደጋግማ ታንቋርራለች። ልታስታውክ የፈለገች ትመስል ነበር፤ ምንም አልወጣትም። ሲተዋት አንድ ጊዜ ዋጥ አድርጋ ተመልሳ ተቀመጠች።

«ምንም አይደል» አሉ ጋሽ ደጋን። «እዚህ ቤት የኖረ ሁሉ ይስላል። እኔ ሠላሳ ዓመት ስያለሁ። እሷ ገና ሁለት ዓመቷ ነው፤ ግን ለምዳዋለች። ባለሙያ ሆናለች በይ።»

ልጅቱ ግን ዓይኗን ከድመቲቱ ላይ አልነቀለችም። «መቼ መቼ ነው የሚነሣባት?»

«ጥጥ ስነድፍ ነዋ። ጥጥ ትውጣለች መሰለኝ። አንድ ማንኪያ ዘይት አፏ ውስጥ ጠብ አደርግላትና ያንሸራትተዋል። አባቴም እንዲሁ ነበር የሚያደርጉት።»

«ዘይቱን ከሰጧት በኋላ ጥጥ ሲወጣ አይተው ያውቃሉ?»

ጋሽ ደጋን ወደ እኔ ዞር አሉ፤ ምስክር የሚፈልጉ ይመስላሉ። «ምን ልበል መምህር? መቼም አልተከታተልኩትም» አሉ።

«ፈቃድዎ ከሆነ ሳልነካት ትንፋሿን ልቁጠር። መምህር፣ ሠላሳ ሰከንድ ሲሞላ ይንገሩኝ።»

ሰዓቴን ይዤ ቆምኩ። እሷ የድመቲቱ ጎን ከፍ ብሎ ዝቅ ባለ ቁጥር አንድ እያለች ቆጠረች። ጊዜው ሞላ ስላት «ሃያ አራት» አለች። «በደቂቃ አርባ ስምንት ማለት ነው። ዐርፋ የተቀመጠች ድመት ከሠላሳ ማለፍ የለባትም።»

«ሙቀቱን አታዪም ልጄ? ውሻ እንኳ በሙቀት ምላሱን አውጥቶ ያለከልካል።»

«ውሻ ሰውነቱን የሚያቀዘቅዘው እንደዚያ ነው። ድመት ግን የምትተነፍሰው በአፍንጫዋ ነው። ተቀምጣ ሳለች አፏን ከፍታ ካዩዋት ሞቃት ነው አይበሉ፤ አየር አጥሯታል ይበሉ። እዚያ ከመድረሷ በፊት ግን ዛሬውኑ ይዘዋት ይምጡ።»

«እኔ ድመት አቅፌ በዚህ መንገድ? የሰፈሩ መሳቂያ ልሆን ነው። ደግሞ ድመት አፍ የላትም እንዴ? ብሶባት ቢሆን ትጮህብኝ ነበር።»

«ችግሩ እሱ ነው አባባ። ድመት ስትታመም አትጮህም፤ ጥግ ትይዛለች። መብላት ትቀንሳለች፤ መዝለል ትተዋለች። እኛም ጨዋ ሆነች ብለን እናመሰግናታለን።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ሲገባኝ ገባሁበት። «ዶክተር፣ እንስሳ እኮ ሣሩን በልቶ ራሱን ያክማል» አልኩ፤ አርባ ዓመት ተማሪ ፊት ቆሜ በተናገርኩበት ድምፅ።

«ሣሩ ሳንባ ውስጥ አይገባም መምህር» አለችኝ፤ በትሕትና ነው። እኔም ተቀመጥኩ።

ጋሽ ደጋን ባለቤታቸው ሲመለሱ እንደሚያስመረምሯት ነግረው በጨዋ ደንብ ሸኟት። እሷ ግን ከመውጣቷ በፊት ጠመኔ ለመነችና የፍራሽ ልክ በሚጻፍበት ግድግዳ ላይ ስልኳን በትልቁ ጻፈች። «አፏን ከከፈተች፣ ክርኖቿ ወደ ውጭ ከተገተሩ፣ ሆዷ በኃይል ከተሳበ ወይም ድዷ ከገረጣ፣ ባለቤትዎን አይጠብቁ» አለች። ስትወጣ ጋሽ ደጋን ዓይናቸውን ጠቀሱኝ፤ እኔም ፈገግ አልኩላቸው። ያ ፈገግታ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ፍራሼን ልወስድ ሄድኩ። ገና ከበሩ ሽታ ተቀበለኝ። አንድ ደንበኛ ትኋን የፈላበት ፍራሽ አምጥቶ፣ ጋሽ ደጋን ጓዳ ውስጥ የትኋን መድኃኒት ነፍተውበት ነበር። ቀጥለውም ጥጡን ይነድፉ ጀመር። እኔ ስደርስ ሥራው ቆሟል፤ ሰውዬው ከስፌት መኪናው ሥር ተንበርክከዋል።

አለቃ እዚያ በቁራጭ ጨርቅ ላይ ነበረች። አትተኛም፤ አትቀመጥም። የፊት እግሮቿን አንፈራጣ፣ አንገቷን ዘርግታ፣ አፏን ከፍታለች። በተነፈሰች ቁጥር ሆዷ ይጎደጉዳል። ጋሽ ደጋን በአንድ እጃቸው ማንኪያ፣ በሌላው የዘይት ጠርሙስ ይዘዋል።

«ያዝልኝ መምህር፣ አፏን ያዝልኝ። ዛሬ ብዙ ነው የዋጠችው።» አንቱታው እንኳ ጠፍቶባቸው ነበር።

አልያዝኩላቸውም። ግድግዳውን አይቼ ስልክ ደወልኩ፤ ድምፁ ለሁለታችንም እንዲሰማ አድርጌ መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ለልጅቱ ያየሁትን ነገርኳት።

«ድዷስ መምህር? ሳይነኳት ይዩልኝ።»

«ወደ ሰማያዊ ያደላል።»

«እሺ። አሁኑኑ ወደ እኛ ትምጣ። አባባ አሉ?»

«አለሁ ልጄ። ጥጥ አንቋት ነው፤ ዘይቱን ልሰጣት ነው።»

«ጥጥ አዩ አባባ?»

ጋሽ ደጋን ወደ ተከፈተው አፍ ተመለከቱ። «አላየሁም» አሉ።

«አሁን ያላት ኃይል በሙሉ አየር ለመሳብ ነው የሚውለው። ዘይት ካፈሰሱባት ከአየሩ ጋር ወደ ሳንባዋ ትስበዋለች። ማንኪያውን ያስቀምጡልኝ።»

ማንኪያውን አልለቀቁም። ሰው ከአባቱ የተማረውን ነገር አስቀምጥ ሲባል እንዲህ ነው፤ ሽማግሌ ሆኖ ይቅርና ልጅም ቢሆን ያቅተዋል። ግን አስቀመጡት። ጠርሙሱንም አስቀመጡት።

«ተባረኩ። አሁን አያቅፏት፤ አይጩሁባት፤ ምግብም ውሃም አይስጧት። መስኮት ይክፈቱ። ካርቶን ካለ ጎኑን ቀዳዱና የተቀመጠችበትን ጨርቅ ሳብ አድርጋችሁ አብራችሁ አስገቧት። ሳትነቀንቁ ይዛችኋት ኑ። በር ላይ ‹መተንፈስ አቅቷታል› በሉ፤ ወረፋ አትጠብቁም።»

በትልቁ የጨርቅ መቀስ ካርቶኑን የቀዳደድኩት እኔ ነኝ። የተሸከሙት ጋሽ ደጋን ናቸው። ሰው ይስቅብኛል ባሉበት መንገድ፣ ቅንድባቸው ላይ ጥጥ እንደሰፈረ፣ ካርቶኑን እንደ ሙሉ ሳህን ቀጥ አድርገው ይዘው ሄዱ። ባለ ሱቁ «ጋሽ ደጋን፣ ምን ይዘው ነው?» አላቸው።

«አለቃዬን» አሉ፤ አልቆሙም። የሳቀ ሰው አላየሁም።

ክሊኒኩ ስንደርስ ሐኪሟ በር ላይ ቆማለች። ድመቲቱን ከነጨርቋ ተቀብላ ኦክስጅን በሚገባበት መስታወት ሣጥን ውስጥ አኖረቻትና ራቅ ብላ ቆመች። ጋሽ ደጋን ይኼ አልገባቸውም።

«ኧረ ልጄ ንኪያት፤ ምነው ዝም ብለሽ ታያታለሽ?»

«አሁን ብይዛት ትታገለኛለች አባባ። ለመታገል ደግሞ አየር የላትም። መጀመሪያ ትተንፍስ፤ ምርመራው ይደርሳል።»

ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ጎን ለጎን ተቀመጥን። ጋሽ ደጋን እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«መምህር» አሉ፤ «መንገድ ላይ ምን እያሰብኩ እንደመጣሁ ያውቃሉ? ብትሞትብኝ ለባለቤቴ ‹ወጥታ ጠፋች› ልላት ነበር። አርባ ዓመት አብራኝ የኖረች ሴት። ዓይኗን እያየሁ።»

 እኔም እኮ ቆሜ ስቄአለሁ። «አብረን ነው የሳቅነው» አልኳቸው፤ እውነቱም ይኸው ነበር።

ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆየን በኋላ ሐኪሟ መጣች። አለቃ መርፌዋን ተወግታ፣ የደረቷ ፎቶ ተነሥቶ፣ አፏን ገጥማ መተንፈስ ጀምራለች። ጋሽ ደጋን ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ፤ ጥጥ ገባብኝ አላሉም።

«ሕመሟ አስም ነው» አለች ሐኪሟ። «ለጊዜው አምልጣለች፤ ዛሬ ግን እዚሁ እኛው ጋር ታድራለች።»

«ጥጡን አወጣሽላት?»

«ጥጥ አልነበረም አባባ። የአየር ቧንቧዋ ራሱ ነው የጠበበው። የፍራሽ ልብስ ገልብጠው አይተው የለ? ስፌቱ ወደ ውስጥ ቢገባብዎ ውስጡ ይጠባል፤ ማንም ሳይጠቀጥቀው። ብናኙና የመድኃኒቱ ሽታ ቧንቧዋን ያስቆጡትና ግድግዳው ያብጣል። ያን ጊዜ ያስላታል፤ ሲብስ አየር ያጥራታል። እንዲህ የሚስሉ ድመቶች ሁሉ አስም የያዛቸው ናቸው ማለት አይደለም፤ የልብም የሌላም ሕመም ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ቤት ውስጥ መገመት የማይበቃው።»

«ግን እኮ ሁለት ዓመት ሙሉ ኖራበታለች፤ ለምዳዋለች ብዬ ነው።»

«ሳንባ አይለምድም አባባ። የለመደው የእርስዎ ጆሮ ነው።»

ይኼን የተናገረችው ዝቅ ባለ ድምፅ ነው፤ ልታሳፍራቸው አልነበረም። ጋሽ ደጋን ግን ቀና ብለው አዩዋትና አንገታቸውን ነቀነቁ። በአርባ ዓመት ማስተማር እንዲህ ባጭሩ የገባ ትምህርት ሰጥቼ አላውቅም።

«ታዲያ ይድናል?» አሉ።

«ጨርሶ አይድንም፤ ይገታል ግን። በትንሽ ጭምብል የምትስበው መድኃኒት እሰጥዎታለሁ። ጭምብሉን እስክትለምድ ጥቂት ቀን ትግደረደርብዎታለች። መድኃኒቷን ደህና ናት ብለው በገዛ ፈቃድዎ አያቋርጡ።»

«እኔ ቤት የሳል ሽሮፕ አለኝ፤ እሱን ጨመር ባደርግላትስ?»

«እሱን እንዳያደርጉ። የሰው መድኃኒት ድመትን ሊገድል ይችላል፤ የራስ ምታት ክኒን አንዷ እንኳ።» ከዚያ ጥቂት አመንትታ ጨመረች። «የእርስዎንም ሳል ሐኪም ቢያየው ደስ ይለኛል።»

«የኔን ተዪው» አሉ፤ እጃቸውን አወናጨፉ። እሷም ተወችው።

ከዚያ ወዲያ ያየሁትን ልናገር። የመቁረጫ ጠረጴዛው ተፈታና መዝጊያው ወደ ቦታው ተመለሰ። ጋሽ ደጋን አሁን ጓዳውን ዘግተው፣ አፍና አፍንጫቸውን በጨርቅ ሸፍነው ነው የሚነድፉት፤ ወለሉን ሳያረጥቡ አይጠርጉም። ትኋን ያለበትን ፍራሽ ወደ ውስጥ አያስገቡም። አለቃ የጓዳውን ደጃፍ አትረግጥም፤ ሹመቷ ግን አልተነካም፤ የተጠናቀቀው ፍራሽ ተራግፎ ወደ ፊተኛው ክፍል ሲመጣ ትተኛበታለች። በየቀኑ፣ ከምሳ በኋላ እንቅልፍ ሲወስዳት፣ ጋሽ ደጋን ትንፋሿን ቆጥረው ግድግዳው ላይ በጠመኔ ይጽፋሉ። ሃያ ስምንት። ሃያ ስድስት። ሃያ አራት። ደንበኛ ገብቶ የፍራሽ ልክ መስሎት ግራ ሲጋባ ያስረዱታል፤ ማብራሪያው ከኔ ይረዝማል። ጎረቤቶቻቸውም አዳምጠው አልቀሩም። ባለ ሱቁ ሁለት ሳምንት አልጋ ሥር ተደብቃ የነበረችውን ድመቱን አውጥቶ ክሊኒክ ወሰደ፤ ደረቷ ውስጥ ውሃ ቋጥሮ ተገኘና ቀዱላት። ቀደም ሲል ቢሆን «ጨዋ ሆናለች» ይሏት ነበር። ይኼ ሁሉ የጠየቀው በቀን አንዲት ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው።

ባለቤታቸው ሲመለሱ ጋሽ ደጋን አንዱንም አልደበቁም፤ ዘይቱንም፣ ሳቁንም፣ መንገድ ላይ ያሰቡትንም ተናገሩ። ባለቤታቸው ድመቲቱን ጭናቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙ። «እንዳለች ነው ያገኘኋት» ብቻ አሉ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያሉት ቁጥሮች ምን እንደሆኑ ጠየቁና የአለቃን ትንፋሽ ፊታቸው አስቆጥረው አዩ።

ባለፈው ሳምንት ከምሳ በኋላ ጎራ ስል ባለቤታቸው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ዝም አሰኙኝ። ጋሽ ደጋን አዲስ ፍራሽ ላይ ጋደም ብለው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። አለቃም እግራቸው ሥር ተጠቅልላለች። ሴትዮዋ ሰዓት ይዘው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ሲያበቁ ጠመኔ አነሡና «ሃያ ስድስት» ጻፉ።

«አለቃ ደህና ናት ማለት ነው» አልኩ በሹክሹክታ።

«የአለቃን ከመተኛቱ በፊት ራሱ ቆጥሯል» አሉኝ። «ይኼ የሱ ነው። ዶክተሯን ስጠይቃት የሰው ሐኪም አይደለሁም ብላ አንገራገረች፤ ኋላ ግን ዐርፎ የተኛ ሰው ከሃያ ካለፈ ሐኪም ይየው አለችኝ። ሦስት ቀን ቆጠርኩት፤ ሦስቱንም ቀን አልፏል።»

ጋሽ ደጋን በድምፃችን ነቁ። እኔን፣ ሰዓቱን፣ ግድግዳውን አዩ።

«ተነስ፤ ሐኪም ቤት ነው የምንሄደው» አሏቸው ባለቤታቸው። «ሳልህን ያዩታል።»

«እኔ እኮ ለም...» ብለው ጀመሩ። አልጨረሱትም። ተነሥተው ተቀመጡና ጫማቸውን መፈለግ ጀመሩ።